ስልሳ ሦስት ኪሎ

የአባቴ ሥራ መጠርጠር ነበር፤ ለዚያውም እየተከፈለው። ሚዛን መርማሪ ነበር። ሱቅ ለሱቅ፣ ወፍጮ ቤት ለወፍጮ ቤት፣ ሥጋ ቤት ለሥጋ ቤት እየዞረ ሚዛኖች ልክ መሆናቸውን ያረጋግጣል። የራሱን የሚዛን ድንጋዮች ውስጡ ጨርቅ በለበሰ ሣጥን ይዞ ይገባል፣ ነጭ ጓንቱን ያጠልቃል፣ ድንጋዩን ሚዛኑ ላይ ያስቀምጥና ዓይኑን ባለሱቁ ፊት ላይ ይተክላል። ሚዛኑን በኋላም አነበዋለሁ፣ ፊት ግን ቶሎ ይለወጣል ይል ነበር። ድንጋዮቹን በባዶ እጅ የሚነካ ሰው አይወድም፤ የእጅ ወዝ ክብደት ይጨምራል ባይ ነው። እኔና እናቴ የሣጥኑን አቧራ እንኳ የምንጠርገው አስፈቅደን ነበር።

የገበያ ሰው ጋሼ ግራም ይለዋል። ገበያው በር ላይ ገና ብቅ ከማለቱ ወሬው ቀድሞት ይሄዳል፤ እሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በድንገት ጠረጴዛ ሥር የሚገባ እጅ፣ ያለ ምክንያት የሚጠረግ ሚዛን፣ ከሌላው ቀን ይልቅ ሞቅ ያለ ሰላምታ፣ ሁሉንም ይመዘግባል። ከሚዛን ሳህን ሥር ማግኔት አውጥቷል። ሆዱ ተቦርቡሮ በሰም የተደፈነ የአምስት ኪሎ ድንጋይ ይዟል። አንድ ሽንኩርት ሻጭ ማስቲካ እያኘከች ከሳህኑ ሥር ትለጥፍ ነበር፤ እሷን እንኳ የያዛት በማስቲካው ሽታ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ሲገባ ጥርጣሬውን ከጫማው ጋር በር ላይ አውልቆ አይገባም። እናቴ ስኳር ገዝታ ስትመጣ ከረጢቱን ተቀብሎ በእጁ ከፍ ዝቅ ያደርገውና “አርባ ግራም ይጎድላል” ይላል። ይጎድላልም። ቆይቶ ባሌ የሆነው ሰው መጀመሪያ ቤታችን ሲመጣ አንድ ካርቶን ብስኩት ይዞ ነበር። አባቴ አመስግኖ ተቀበለውና ጓዳ ገባ፤ የሚዛኑን ቀጭ የሚል ድምፅ ሳሎን ሆኜ ሰማሁት። ሲወጣ ፊቱ ፈታ ብሎ ነበር፤ ልጁ ደህና ይመስላል አለኝ በኋላ። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አሁኑኑ ብናገር ይሻላል፣ ከዚህ በታች የምለው ለሱ አይመችም።

አጎቴ የአባቴ ወንድም፣ በስድስት ዓመት ታላቁ ነው። እነሱ ገና ልጆች ሳሉ አያቴ ሲሞቱ አባቴን ያሳደገው፣ ያስተማረው፣ የመጀመሪያውን ጫማ የገዛለት እሱ ነው። አባቴ “ወንድም ጋሼ” ሲለው ድምፁ ራሱ ይለሰልስ ነበር። አጎቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ስለ መኪና የምንጠይቀው እሱን ነው፤ ሞተር ሲያስነሳ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ምን እንደጎደለው ይናገራል። አባቴ ግን ስለ መኪና የሚያውቀው ነገር ቢኖር ሲነዱት መሄዱን ብቻ ነው።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ የአባቴ ሥራ ሰፋ። ከሱቅ ሚዛን አልፎ ከባድ መኪኖች ከነጭነታቸው ወጥተው የሚመዘኑበትን፣ መሬት ላይ የተተከለውን ትልቁን የመኪና ሚዛን እንዲመረምር ተፈቀደለት። ለዚያ ሥራ ሃያ ሃያ ኪሎ የሚመዝኑ ብዙ ብረቶች ያስፈልጋሉ። እነሱን በታክሲ አይጭኗቸው። ስለዚህ ያጠራቀመውን ሁሉ ለአጎቴ ሰጠውና ፒክአፕ ግዛልኝ አለው፤ አንተ ታውቃለህ፣ እኔ አላውቅም አለው። አባቴ በሕይወቱ ሳይመዝን የሰጠው ነገር ይህ ብቻ ይመስለኛል።

አጎቴ ወደብ ወዳለበት ከተማ ሄዶ በዘጠነኛው ቀን ነጭ ፒክአፕ እየነዳ መጣ። አዲስ ነበረች፤ የወንበሩ ፕላስቲክ እንኳ አልተገፈፈም። ጡሩምባውን እየነፋ በራችን ላይ ሲያቆማት ሰፈሩ ወጣ። እኔን ጋቢና አስቀምጦ ዋናውን መንገድ ደርሶ መለስ አደረገኝ። አባቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሦስት ጊዜ ዞራትና ከኋላዋ ቆሞ ዓይኑን ጠረገ። አቧራ ነው አለ። ደስታውን አንድም ሰው አልተጠራጠረውም።

በሦስተኛው ሳምንት ዘይት ሊያስቀይር ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አየ። ከዚያ ጓደኛውን ጠራ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ መካኒኩ ይህ ሞተር የዚህ መኪና አይደለም አለው። ይህ ቅርጽ ያለው ፒክአፕ ጥቁርና ከባድ የብረት ሞተር ነው ያለው፣ ይሄኛው ነጣ ያለ ሌላ ዓይነት ነው አለ። ወንበሩም፣ መሪው ፊት ያሉት ቆጣሪዎችም የዚህ ቅርጽ አይደሉም፤ ከሌላ መኪና የመጡ ናቸው። ሁለት መኪና አንድ አድርገው ሸጠውልዎታል ጋሼ፣ አለው። አባቴ ወዲያው የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ከዳሽቦርዱ ውስጥ አወጣና ገጽ በገጽ አነበበው።

መጽሐፉ ላይ የባዶ መኪናዋ ክብደት ተጽፏል፤ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ አምስት ኪሎ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ገጽ አልፎት ይሄድ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ወንድሙን ጠርቶ ይህ ነገር እንዴት ነው ይለው ነበር። አባቴ ግን ጠዋት ተነስቶ በገዛ እጁ ወደመረመረው የመኪና ሚዛን ሄደ። መጽሐፉ እንዳዘዘው ነዳጅ ሞላ፣ ትርፍ ጎማውንና ክሪኩን በቦታቸው አደረገ፣ ብረቶቹን አወረደ፣ የወለሉን ምንጣፍ አራገፈ፣ ወርዶ ቆመ። ሚዛኑ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃያ ሁለት አለ። መኪናዋን ከሚዛኑ አውርዶ፣ ሚዛኑን በብረቶቹ ፈትሾ፣ እንደገና ሚዛኑ ላይ አወጣት። ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው።

ስልሳ ሦስት ኪሎ ጎደለ። ለሚዛን መርማሪ የጎደለ ነገር ማለት የተወሰደ ነገር ነው፤ ሥራው ሌላ ትርጉም አላስተማረውም። መኪናዋን ከሸጠው ድርጅት ድረስም ሄዶ ነበር። እዚያ ያለው ጸሐፊ ያንኑ መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርዶ፣ ያንኑ ገጽ ገልጦ፣ ጌታዬ መኪናው የሚመዝነው ይህንን ነው ብሎ አነበበለት። በቃ፤ ማስረጃው ተሟላ። ሞተሩ ተቀይሯል፣ ከባዱ ወጥቶ ቀላሉ ገብቷል፣ መኪናዋ ደግሞ ከድርጅቱ ግቢ እስከ ቤታችን በር ድረስ ከአጎቴ እጅ በቀር የማንም እጅ አልነካትም። ያ ዘጠኝ ቀን ድንገት ረጅም ሆነ። ለምን ዘጠኝ ቀን? መንገዱ ሦስት ቀን አይፈጅም።

አጎቴ ሲጠራ የመጣው ሳቅ እያለ ነው። አባቴ ቁጭ በል እንኳ አላለውም።

“መኪናዋ ስልሳ ሦስት ኪሎ ይጎድላታል” አለው።

አጎቴ ቀልድ መስሎት ሳቀ። አባቴ ያን ሳቅ ባለሱቆች ፊት ላይ ሲያይ የኖረው ሳቅ ነው ብሎ መዘገበው። ቀጥሎ አጎቴ ተቆጣ፤ ቁጣውም ተመዘገበ። ከድርጅቱ እጅ እንደተቀበልኳት ነው ያመጣኋት ብሎ በእናታቸው አፈር ማለ፤ የሚምል ሰው ደግሞ ገበያ ሙሉ ነው። ዘጠኙን ቀን ምን ስትሠራ ነበር ሲባል ወረቀት ስጠብቅ አለ። የትኛውን ወረቀት ሲባል ዝም አለ። ዝምታውማ ከሁሉ የበለጠ ተመዘገበ።

“እና እኔ ምን አደረግኩት?” አለ አጎቴ በመጨረሻ። “በላሁት?”

“የት እንደሄደ ነው የጠየቅኩህ።”

አጎቴ ባርኔጣውን አነሳና ወጣ። እናቴ እስከ በር ተከትላው ለመነችው፤ አልተመለሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ወንድም ጋሼ ማለቱን ተወ። “ያ ሰውዬ” ሆነ ስሙ።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሆኖ ቀረ። አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ፒክአፗ በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ አለመቆሟ ነው። ያን ሁሉ ብረት ተሸክማ፣ አቀበት ቁልቁለት ሳትል ትሄዳለች። ሌላ ሰው ይህን አይቶ ልቡ ይለዝብ ነበር። አባቴ ግን እሱም አጠራጠረው፤ በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው የቀየረው አለ፣ ጀማሪ ቢሆን ይህን ጊዜ ተበላሽታለች። መለዋወጫ ሊገዛ ሲሄድ ደግሞ ነገሩ ይብስበታል። ያረጀውን ዕቃ ይዞ እያመሳሰለ ነው የሚገዛው። መብራቷ ከአሮጌው ቅርጽ ጋር ይገጥማል፣ የዘይት ማጣሪያዋ በኋላ ከወጣው አዲስ ቅርጽ ጋር። ቀበቶዋ ከሁለቱም አይገጥምም። ሁሉን በአንድ ደብተር ላይ ከነቀኑ ጻፈው። እናቴ ያንን ደብተር ባየች ቁጥር ወንድም ነው እኮ፣ ሽንኩርት ሻጭ አይደለም ትለዋለች። እሱም እሷን ቀና ብሎ ያያታል። ምን ደብቃ እንደሆነ እያሰበ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ቀን አጎቴ ትምህርት ቤቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። በእጁ ደብተርና እርሳስ የያዘ ከረጢት ነበር። አየሁትና በሌላው በር ወጣሁ። ለምን እንደመጣ ጠርጥሬ ነበር፤ ምን እንደጠረጠርኩ ግን ዛሬ ብጠየቅ አላውቅም። ይህን ለማንም ሳልናገር ነው የኖርኩት።

ሃያ አራት ዓመት ሲሆነኝ የአባቴ ጉልበት ከዳው፣ እኔም አብሬው መሥራት ጀመርኩ። ብረቶቹን እኔ እጭናለሁ፣ ፒክአፗን እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ጓንቱን አጥልቆ ያነባል። አንድ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የሲሚንቶ ማከፋፈያ የመኪና ሚዛን መርምረን ጨረስን። በመስተዋት ክፍሏ ውስጥ ያለችው መዛኝ ሥራዋን ጀመረች። አባቴ እንደ ልማዱ ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀምጦ የሚገባውን የሚወጣውን ያያል።

አንድ ነጭ ፒክአፕ ሲሚንቶ ልትጭን ባዶዋን ሚዛኑ ላይ ወጣች። ሹፌሩ፣ ሽበታም ሰውዬ፣ ወርዶ ቆመ። ከኛዋ ጋር ቁርጥ አንድ ናት። መዛኟ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃያ አራት ብላ ጻፈች።

አባቴ የተቀመጠበት ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። ወጥቶ ሰውየውን እባክዎ ኮፈኑን ይክፈቱልኝ አለው። ሰውየው ምን ጥፋት ተገኘብኝ ብሎ ደነገጠ፤ የጋሼ ግራምን ጓንት አይቶ ያልደነገጠ የለም። ከፈተለት። ሞተሩ ነጣ ያለው ነው። ወንበሩ የኛው ወንበር፣ ቆጣሪዎቹም የኛው ቆጣሪዎች ናቸው። ማን ነው ሞተሩን የቀየረብዎ ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ማንም አልቀየረብኝም፣ ከድርጅቱ አዲሷን ነው የገዛኋት፣ ፕላስቲኩን የገፈፍኩት እኔ ራሴ ነኝ አለ። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር ነገረን።

“ይቺማ መሸጋገሪያዋ ናት። የአዲሱ ቅርጽ ሞተርና ወንበር ቀድሞ ደረሰ፣ አካሉ ገና ነበር። እስኪደርስ ብለው በአሮጌው አካል ላይ ገጥመው ሰባት ወር ሸጧት። ከዚያ በኋላ የለችም።”

አባቴ መጽሐፉስ አለ። 

“መጽሐፉማ የድሮው ነው። አዲሱን መች አትመውት? የኔ ለምሳሌ ስለ ሬዲዮ ሁለት ገጽ ጽፎ ሬዲዮ የላትም።”

አባቴ የሰውየውን ፒክአፕ ሦስት ጊዜ አስመዘነ። ሰውየው ጥሩ ሰው ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ወረደ፣ ወጣ። ሦስተኛው ላይ አባቴ ጓንቱን አወለቀና የኛዋን ፒክአፕ ኮፈን በባዶ እጁ ተደግፎ ቆመ። ወደ ወንድም ጋሼ ውሰጂኝ አለኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያን ስም ከአፉ የሰማሁት ያኔ ነው።

አጎቴ ሹፌርነቱን ትቶ ሁለት ሰዓት በሚያስነዳ ሌላ ከተማ ጎሚስታ ሆኗል። ስንደርስ የጎማ ካላማዳሪ ውኃ ውስጥ ነክሮ አየር የሚወጣበትን ይፈልግ ነበር። ፒክአፗን ቀድሞ አያት፣ ከዚያ እኛን። ምን ፈልገው ነው የመጡት የሚለው ጥያቄ ፊቱ ላይ ተጽፎ አነበብኩት። አባቴ ቆሞ ወንድም ጋሼ በድዬሃለሁ አለ፤ ሁሉንም ነገረው፣ ቁጥሩን ሳይቀር። አጎቴ ሥራውን ሳያቋርጥ ሰማው። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው።

“ያ ሰውዬ በዚያ ሚዛን ላይ ባያልፍ ኖሮ ትመጣ ነበር?”

አባቴ መዋሸት አይችልበትም። “አልመጣም ነበር” አለ።

“እንግዲህ ያመንከው ሚዛኑን ነው። እኔን ዛሬም አላመንከኝም፤ አወቅክ እንጂ።”

  በመመለሻው መንገድ ግማሽ ላይ ስንደርስ አባቴ እውነቱን ነው አለ። በማግሥቱ ያንን ደብተር ቀደደው፤ ግን ይህም ቢሆን ምን ይጠቅማል? ማስረጃውን ካየ በኋላ ያለ ማስረጃ ማመን እንዴት እንደሚቻል አላወቀም። 

ቢሆንም በወሩ ውሰጂኝ አለ። በሚቀጥለውም ወር። አጎቴ አያባርረውም፣ ግን ግባ አይለውም። አባቴ ደጅ፣ የጎማ ክምር አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ አጎቴ ሥራውን ይሠራል። ስለ ዝናብና ስለ ጉልበት ሕመም ያወራሉ። አጎቴ በመካከል ቀና ብሎ አባቴን በጥርጣሬ ያየዋል። አንዴ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ አባትሽ ታሟል እንዴ፣ ሐኪም ምን አለው ብሎ ጠየቀኝ። ሊሞት ስለሆነ ነው የመጣው ብሎ ጠርጥሮ ነበር። አይ ደህና ነው አልኩት። አላመነኝም።

በስድስተኛው ወር ነው። ፀሐዩ ከርሮ ነበር፣ ደንበኛ አልነበረም። አጎቴ እጁን በጨርቅ ጠረገና መጥቶ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አባቴን ሳያይ ተናገረ።

“ተኳርፈን ሳለን በሐሞት ጠጠር ታመህ ሆስፒታል የተኛህ ጊዜ መጥቼ ነበር። ሦስቱንም ቀን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ነው የዋልኩት። ማንም አላየኝም።”

አባቴ ቀና አለ። እኔ አባቴን አውቀዋለሁ፤ ጥያቄው ከንፈሩ ላይ ሲደርስ አየሁት። በየትኛው በር ገባህ? የት ተቀመጥክ? ማን ነገረህ? አፉ ተከፍቶ ነበር። ዘጋው።  አጎቴ አሁን ዞሮ ዓይን ዓይኑን ያየዋል።

“መጥተሃል” አለ አባቴ።

አጎቴ ለረጅም ጊዜ አየው። ፊቱ ላይ ያንን የድሮ ጥርጣሬ የሚፈልግ ይመስል ነበር፤ አላገኘውም መሰለኝ። ተነስቶ የቤቱን በር ገፋና ግባ፣ ፀሐዩ ይጎዳሃል አለው። አባቴ የአጎቴን ክንድ ይዞ ገባ። እኔ ደጅ ቀረሁ።

አባቴ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ አስታማሚው እኔ ነበርኩ። ሦስቱንም ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ከክፍሉ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነው የዋልኩት። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ አንድ አግዳሚ ብቻ ነው ያለው። ከኔ ጋር የተቀመጡትን አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ። አጎቴን አላየሁትም።

ይህን አባቴም ያውቃል። ከአጠገቡ እንዳልጠፋሁ ያውቃል። ወደ ቤት ሁለት ሰዓት ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሄድን፤ መንገዱን በሙሉ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩት። አልጠየቀኝም።